ሰባተኛው ጥያቄ

ጥቅምት 3
ልጄ፣ ማለትም አለቃዬ፣ ዛሬ አምስት ሳምንት ደፈነ። ጠባ፣ ተኛ፣ አለቀሰ። ከሦስቱ ለእኔ የደረሰኝ ሦስተኛው ብቻ ነው።

ባለቤቴ የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ ዘጠኝ ቀኑ። ደውሎ፣ አንቺ ባለሙያ ስለሆንሽ አላስብም አለኝ። ባለሙያ! አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት እያንኳኳሁ አራሶችን ስጠይቅ የኖርኩ ነርስ... የራሴን ልጅ ዝም ማሰኘት አቃተኝ።

ጥቅምት 5
ያሰለጠንኳት ነርስ የአራስ እናቶችን የጭንቀት መጠይቅ ይዛ መጣች። ከእኔ ይልቅ እሷ አፈረች። ለሁሉም አራስ ስለሚሞላ ነው እንጂ እርስዎን መጠየቄ ድፍረት ነው አለች።

አሥር ጥያቄ። የትኛው መልስ ስንት ነጥብ እንዳለው በቃሌ አውቀዋለሁ። ነጥቧ የበዛ እናት ክትትል ውስጥ ትገባለች። ሰባተኛው ላይ ደረሰች። "ልጅዎን እጎዳዋለሁ ብለው ፈርተው ያውቃሉ?" ሳትጨርስ "በፍጹም" አልኳት።

እዚህ ላይ ፈጥና የምትመልስ እናት ስታጋጥምሽ ቅጹን አስቀምጪና ቆም በዪ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አልቆመችም። እኔን እንዴት ትጠርጥር? ሸኝቻት በሩን ስዘጋ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ተመልሳ ብታንኳኳ ብዬ ተመኘሁ።

ጥቅምት 6
ልንናፈስ ብዬ አቅፌው ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ማልቀስ ጀመረ። ጎረቤት ምን ይላል? ተመለስኩ።

ጥቅምት 9
ካልጻፍኩት አብዳለሁ።

ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሰ። ዳይፐር ልቀይርለት ስል ተወራጨ። ጭኑን ያዝኩት። ጨመቅሁት... ዝም አለ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ የጮኸው ጩኸት ሌላ ነበር። ስለቀው የአራት ጣት ምልክት። መጀመሪያ ቀይ፣ ቆይቶ ጠቆረ።

ለማን ይነገራል? ልጄን ቢወስዱብኝስ? ሥራዬስ? ስንቷን እናት "ንገሪኝ፣ አልፈርድብሽም" ብያለሁ። መናገር ቀላል መስሎኝ።

ጥቅምት 10
ልጁን ለማስመዘን ቀጠሮ ነበረን። ጉንፋን ይዞታል ብዬ ቀረሁ። በዚህ የቀትር ፀሐይ ሁለት ሱሪ ደራርቤ አለበስኩት። ከማን ነው የምደብቀው? ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን።

ጥቅምት 11
ለነርሷ ደወልኩላት። "ሰባተኛውን ዋሽቼሻለሁ" አልኳት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሰች።

ሱሪውን ራሴ አወለቅሁለት። ጎንበስ ብላ ምልክቱን አየችው። እንድታጽናናኝ ስጠብቅ፣ "ሲስተር፣ ያየሁትን እጽፋለሁ። ዛሬውኑ ሐኪም ያየዋል" አለች።

"ጻፊ" አልኳት። ተናደድኩባት። ኮራሁባትም። እንዲህ አድርጌ ነው ያስተማርኳት።

ጥቅምት 24
ሐኪሙ አጥንቱ ደህና ነው ብሏል። የጭኑ ምልክት ጠፍቷል። ስሜ ክትትል ውስጥ ገባ። ለጊዜው ከልጄ ጋር ብቻዬን አልሆንም፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም። ነርሷ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። ባለቤቴ ሲሰማ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን አላነሳም። በሦስተኛው ቀን ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ እስኪደርስ ጎረቤቴ አብራን አደረች።

ዛሬ ከሰዓት አለቃዬ ማልቀስ ጀመረ። አቅፌው ወዲያ ወዲህ አልኩ። አልተወም። እጄ ጠበቅ ሲል ተሰማኝ። ያው እጅ ነው... አልጋው ላይ አስተኛሁትና ባለቤቴን ጠራሁት።

"ፈራሁ። ያዝልኝ" አልኩት።

ተነስቶ ያዘው።