የእማሆይ ባቄላ

ጥቅምት 5 ቀን 1973

ዛሬም ጄሶ። ዛሬም ጣራ ጣራውን ማየት። የሰው ኮክ ልሰርቅ አጥር ላይ ወጥቼ እግሬን ሰበርኩ፤ ኮኩን እንኳ አልቀመስኩትም! ይኸው ጤና ጣቢያ ተኝቻለሁ። ከጎኔ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ አሉ፤ ከይምርሐነ ክርስቶስ በቃሬዛ የመጡ መነኩሲት። ሆዳቸው አብጧል። መቋሚያቸውን አልጋዬ ሥር ደበቅኩባቸው።

«እውነትም እንደ ስምሽ አሰለች! አሰለቸሽኝ እኮ አንቺ ልጅ!»

ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸውን ይይዛሉ... ያማቸዋል እንዴ? ብጠይቃቸው «ተመስገን» ነው መልሱ።

ጥቅምት 8

ዶክተር ምስጋኑ የሚባል ከአዲስ አበባ መጣ። የበሽተኛን ሰውነት ብቻ ሳይሆን መንፈሱንም እለካለሁ ይላል። በምን? በባቄላ! ለየጥያቄው ባዶ ጣሳ ያቀርባል። ብዙ ከሆነ ብዙ ባቄላ፣ ትንሽ ከሆነ ትንሽ። «ሰላም ይሰማሻል?» «ተስፋ አለሽ?» ይላል። «እግዚአብሔር ያበረታሻል?» ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የደርጉ ካድሬ በረንዳው ላይ ነበራ!

«ምን አሉ? አልሰማሁም!» ብዬ ጮህኩ። ላብ በላብ ሆነ። ደስ ሲል!

በመጨረሻ «ሕመምሽስ?» አለ። ጣሳውን እስኪፈስ ሞላሁት። «ሞትኩ! ኑዛዜዬን ጻፉልኝ!»

ቁስል የምታጥብልን ድሬሰር ይማርሽ «አትስሟት ዶክተር፣ ቀልደኛ ናት» አለች።

እማሆይስ? የሰላሙን ጣሳ ሞሉት። የተስፋውንም። ለሕመሙ አንዲት ባቄላ አነሱና አገላብጠው አዩዋት... ጣሳው ውስጥ ግን አልጣሏትም።

«ተመስገን፣ ልጄ። ደህና ነኝ።»

ጥቅምት 9

ዶክተሩ ነገ ወደ ደሴ ይሄዳል። ላንድሮቨሩ ላይ ለአንድ በሽተኛ ቦታ አለ። እዚያ ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ሕመም የበዛበትን እወስዳለሁ ብሎ እጇ የተቃጠለባትን ባንችይርጋን መረጠ። የእማሆይ ጣሳ ባዶ ነዋ!

ለመንኳቸው። «ያመኛል ይበሉ። አንድ ቃል!»

«ፈጣሪዬን ለሰው ልክሰስ?»

«እሺ፣ ባቄላውን እኔ ልጨምርልዎ...»

«ተይ። ባንችይርጋ ጡት ያልጣለ ልጅ አላት።»

ጥቅምት 10

ላንድሮቨሩ ሊነሳ ሲል በመስኮት ጮህኩ። «ዶክተር! እማሆይ እየሞቱ ነው!»

ቀና ብሎ ሳቀ። «ትናንት ወዲያ የሞትሽው አንቺ አልነበርሽም?»

አቧራው ብቻ ቀረ። እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

ጥቅምት 14

እማሆይ አረፉ።

ጥቅምት 15

ዘመዶቻቸው ከኩልመስክ መጥተው ወሰዷቸው። መቋሚያውን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው... ይማርሽ ፍራሹን ስታነሳ አንድ ነገር ዱብ አለ። ባቄላ። ዙሪያውን የጥርስ ምልክት። ሲያማቸው ይነክሷት ኖሯል? እኔ እዚሁ፣ እጄን ብዘረጋ በምደርስበት! ስስቅ! ሳሾፍ!

ይማርሽ አየቻት። መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና ጣቶቼን አጠፈቻቸው።

ጥቅምት 20

ቀልድ አልመጣ ብሎኛል። ጄሶው ሥር እሳት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አገሩን በጩኸት ባቀለጥኩት ነበር።

ይማርሽ «እንዴት አደርሽ?» አለችኝ።

«ተመስገን» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ።

ወደሚቀጥለው አልጋ አላለፈችም። አጠገቤ ቁጭ አለች። ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሬን ማየት ጀመረች።