ጀርባዬን ሰጥቼ የጻፍኩት

ሁምቦ፣ ግንቦት 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰገነት ባዳቾ
ቤይሩት

ልጄ ሰገነት፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። የሰው አገር ደረጃ ስትወጪ ስትወርጂ ጉልበትሽ እንዳይከዳሽ ጌታ ይጠብቅሽ። እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ ጠዋት ጠዋት ይይዘኛል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ይለቀኛል። ቡሬዋ ላም ወለደች፤ ወንድ ጥጃ ነው። ዝናቡም ዘንድሮ አልዋሸንም፤ በቆሎው ጉልበቴን አልፏል።

የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።

ጽሕፈቱን ስታዪ ይሄ ደግሞ የማን እጅ ነው ትያለሽ። የእኔ ነው። እስከ ዛሬ የጻፈልኝ ጎረቤታችን ደገፉ ነበር፤ የእሱ ጽሕፈት ያምራል። ይህን ግን በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በያዝኳት ፊደል ራሴ እጽፈዋለሁ፤ ቢጣመም አትሳቂ። ለደገፉ ነግሬ የማላስጽፈው ነገር ሆኖብኛል። በስልክም አይሆንም። አንቺ በአጥር ጎረቤታችን በቦልቴ ስልክ ስትደውይ ቦልቴ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ መንገደኛው ሳይቀር ከብቦ ይሰማል። እንዲህ ተከቦ የቤት ጉድ አይወራም። ወረቀቱን የምታደርስልሽ ሐመልማል ናት፣ የዲምቱዋ። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ወደ እናንተ ትበራለች።

አሁን የተቀመጥኩት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው። ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነው፣ ከሥሩ ጣውላ አድርጌያለሁ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ልጅሽ ፋና ወፍራለች ብዬ አስጽፌልሽ ነበር። አልወፈረችም። ደገፉ እስክሪብቶውን ይዞ “ስለ ፋና ምን ልበል ጋሽ ባዳቾ?” ሲለኝ፣ ልጅቷ እዚያው በር ላይ ውኃ እንዳጣ ችግኝ ቆማለች። እያየኋት “ጉንጯ ሞልቷል በል” አልኩት። ደገፉ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ጻፈ። አንቺም አባቴ ብለሽ አመንሽና ጉንጩ ለሞላ ልጅ የሚሆን ቀሚስ ላክሽ። ቀሚሱ ሁለት ፋና ይይዛል። ወገቧ ላይ በመቀነት አስሬላት ነው ጸሎት ቤት የወሰድኳት። በቀሚሱ ፎቶ አስነሥተህ ላክልኝ ስትዪኝ ደግሞ ሶዶ ያለው ፎቶ ቤት ተቃጥሏል አልኩሽ። አልተቃጠለም። ባለፈው ቅዳሜ በፊቱ አልፌያለሁ፤ ሰውዬው በር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

ልጅሽ አትበላም። ቆጮ ስሰጣት ታላምጥና ጉንጯ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ጎደሬ አትነካም። የበቆሎ ፎሰሴ በጎመን ሠርቼ ሳቀርብላት ጎመኑን አንድ በአንድ ለቅማ የሰሃኑ ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። “ባዳቾ ቤት ልጅ ምግብ አይመርጥም” እያልኩ በየገበያው ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዘንድሮ የዘመን መለወጫችን የጊፋታ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቧል። ሥጋውን ዳጣ አስነክቼ ፋናን ላጎርሳት እጄን ዘረጋሁ። ጥርሷን ገጠመች። ዳጣው እኔን ራሴን ያስነባል፤ ያኔ ግን ይህን አላሰብኩም፣ ጉርሻዬ ሰው ፊት መመለሱን ብቻ ነው ያየሁት። ቦልቴ “ባዳቾ!” አለ። “ሁለት በሬ ባንድ ጅራፍ ትነዳለህ፣ ይቺ አንድ ፍሬ ልጅ አቃተችህ?” ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አገጯን ያዝኩ። በሁለት ጣቴ ጨምቄ አስከፈትኳትና በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ዋጠች። ከዚያ በአዲሱ ጋቢዬ ላይ መለሰችው። አላለቀሰችም። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ወደ ፊቷ ሳነሣ፣ አፍንጫዋን ልጠርግላት እንኳ ቢሆን፣ አፏን በሁለት እጇ ትከድናለች።

አስተያየቷን ዐውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት በሌላ ልጅ ፊት ላይ

ትናንት እዚህ ላይ አቆምኩ። ዛሬ ፓፓያ ነው።

በየካቲት የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጣች። የፋናን ክንድ በዚያ ባለ ቀለም ጥብጣብ ለካችው፤ ቢጫው ላይ ቆመ፤ የከሳ ልጅ ቀለም ነው።

“አባት፣ ይቺ ልጅ ምን ትበላለች?”

“የተገኘውን ሁሉ” አልኩ።

“አልበላም” አለች ፋና።

ጤና ሠራተኛዋ ወደ እኔ አላየችም፤ የማፍርበት ጊዜ ሰጠችኝ መሰለኝ። “ከምግቡ ጎን ፍራፍሬ ይስጧት። በትንሽ በትንሹ ይቁረጡና ራሷ በእጇ ታንሣ። አያስገድዷት” አለችኝ።

“ፍራፍሬ የዝንጀሮ ነው። እኔ በጎደሬ ነው ያደግኩት።”

“እርስዎማ አድገዋል” አለች፤ “እሷ ናት ያላደገችው።” ደብተሯን ዘግታ ሄደች። የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ እንዲህ መለሰችልኝ።

እኛ ግቢ ፍሬ የሚባል የለም። ለምን እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ያለው ቦልቴ ጓሮ ነው። ከጊፋታ ወዲህ ደግሞ አንቺ ስትደውይ ካልሆነ የቦልቴን ደጅ አልረግጥም ነበር፤ እሱንም ቆሜ አውርቼ ነበር የምመለሰው። ሁለት ቀን አጥሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ገባሁና “ሆዴን አሞኛል፤ ፓፓያ ይሻልሃል ብለውኛል” አልኩ።

ቦልቴ ከላይ እስከ ታች አየኝ። “የማን ሆድ ነው የታመመው? ያንተ ነው ወይስ የዚያች አንድ ፍሬ?”

ዞሬ ልወጣ ስል ሚስቱ ንግሥቲ ከጓዳ ብቅ አለች። “አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ! ይግቡ ጋሽ ባዳቾ።” ቢላዋ ሰጠችኝ። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ የሰው ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ፓፓያ መላጥ ተማርኩ። “በግ እያረዱ እኮ አይደለም፣ ቀስ!” ትለኛለች ንግሥቲ። ቦልቴ በበሩ ስንጥቅ እያየ ይንፈቀፈቃል። እናትሽ በሕይወት ብትኖር ይህን አይታ ምን ትል እንደነበር እንጃ።

አሁን ግን ሙያ ይዣለሁ። ፓፓያውን ለሁለት ከፍዬ ፍሬውን በማንኪያ አወጣለሁ፤ ጀልባ ይመስላል። ሙዙን በሳንቲም ልክ ቆርጬ በተወቀጠ ኦቾሎኒ ላይ አንከባልለዋለሁ። አቮካዶውን ደቁሼ ማር ጠብ አደርግበታለሁ። ማንጎውን ደግሞ ጉንጩን ቆርጬ፣ ሥጋውን በቢላዋ ጫፍ መስመር መስመር አድርጌ፣ ልጣጩን ከሥር ስገፋው ይገለበጥና እሾኩን ያቆመ ጃርት ይሆናል። ስማር አውራ ጣቴን ቆርጫለሁ። ያንኑ የጊፋታውን አውራ ጣት።

ያን ሁሉ ደክሜ ሠርቼ ሰሃኑን ፊቷ አስቀመጥኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። “ብይ” አልኳት። በልስላሴ ነው ያልኩት፤ የእኔን ልስላሴ ታውቂዋለሽ። አፏን ከደነች። እኔም አልተነሣሁም። ጃርቱ ጠቆረ፣ ዝንብ ሰፈረበት፣ ላሟ በላችው።

በማግስቱ እንዲሁ ስንፋጠጥ የቦልቴ ፍየል በቆሎዬ ውስጥ ገባች። ላባርር ወጣሁ። ስመለስ ሰሃኑ ባዶ ነው። ዶሮዋ ናት የበላችው ብዬ ዶሮዋን በድንጋይ አባረርኳት። በሌላው ቀን ለመያዝ ተቀምጬ ጠበቅኩ፤ ዶሮም አልመጣ፣ ልጅም አልበላ። ከዚያ ሰለቸኝና ጀርባዬን ሰጥቻት የዶማዬን እጀታ ማጥበቅ ያዝኩ። ከኋላዬ ሰማሁ። ልጅ ማንጎ ስትመጥ የሚሰማውን ድምፅ። ልዞር ስል ጠፋ። ወደ ዶማዬ ስመለስ ቀጠለ።

ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። እሷ ከኋላዬ ትበላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ስትጨርስ አቆማለሁ። ዝም ብዬ ብቀመጥ አንገቴ ይዞርብኛል፤ ስጽፍ ግን ፊደሉ ይይዘኛል።

ያን ቀን ዶማዬን አየሁት። እጀታው ዘይቱን ነው። እ

ዛሬ ሙዝ ነው፣ በኦቾሎኒ።

ሰገነት፣ ያኔ ስምንት ዓመትሽ ነበር። ራትሽን ከተውሽ ያንኑ ቀዝቃዛ ራት ጠዋት አቀርብልሽ ነበር። ጠዋት ከተውሽው ማታ። ልጅ የማሳድግ መስሎኝ ነው። እናትሽ አንዲት ቃል አትመልስልኝም ነበር። እኔ ወደ ማሳ ስወጣ ግን ከጓዳው ጀርባ ከነበረችው ዘይቱን ፍሬ ለቅማ፣ ቆራርጣ፣ በኮባ ቅጠል ላይ ታቀርብልሽ ነበር። አንድ ቀን ሳልታሰብ ተመለስኩና ደረስኩባችሁ። እየሳቅሽ ነበር። ስታዪኝ ያላመጥሽውን ሳትውጪ ጉንጭሽ ውስጥ ያዝሽው። “ለካ ራቴን የሚያስመልሰው ይሄ ነው!” ብዬ መጥረቢያ አመጣሁ። ዛፏ አበባም ፍሬም ይዛ ነበር። ስትወድቅ እናትሽ ጓዳ ገባች። አንቺ ግን እዚያው ቆመሽ ዝም ብለሽ አየሽኝ። አስተያየቱን ዐውቀዋለሁ ያልኩሽ እሱን ነው። ከግንዷ እጀታ ጠረብኩ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ “ዘይቱን እንጨት አይሰበርም” እያልኩ በእሱ ስኮራ ኖርኩ።

ዘይቱኑ ልጄን ከራቷ የሚያስቀራት መስሎኝ ነበር። ዘይቱኑ አልነበረም። እናትሽ ታቀርብልሽ የነበረው እኔ የሌለሁበትን ቦታ ነው።

በስልክ “እየበላሽ ነው ወይ?” ስልሽ “በደንብ እበላለሁ አባቴ” ትዪኛለሽ። ቦልቴ “ውሸቷን ነው፣ ሰው ቤት ማን ያበላታል” ይላል። እኔ አሁን አምንሻለሁ። እዚያ እኔ የለሁም።

ይህን ልሰርዘው ነበር። ይቆይ።

ባልሽ ሞቶ ፋናን አዝለሽ ወደ ቤቴ ተመልሰሽ ዓመት እንኳ አልቆየሽም። ሰው “ምነው ሕፃን ልጅ ጥላ ሄደች?” ሲለኝ “ለገንዘብ ነው” እላለሁ። እሱንም ዋሽቻለሁ መሰለኝ።

ንግሥቲ አንቺ በስልክ የነገርሻትን ነገረችኝ። የእመቤትሽ ልጆች አልበላ ሲሉ ፖሙን በኮከብ ቅርጽ ትቆርጪላቸዋለሽ አሉ፤ ወይኑን በስንጥር ትሰኪላቸዋለሽ አሉ። “ሙያ ነው” ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የፋናን ድርሻ የባዕድ ልጅ እየበላው ነው ብዬ ተናደድኩ። ቤት ስደርስ ንዴቱ የሚገባው ለማን እንደሆነ ገባኝ።

ስለዚህ ጻፊልኝ። ኮከቡ እንዴት ነው የሚቆረጠው? እናትሽስ ዘይቱኑ ላይ ምን ታደርግበት ነበር? ጨው ነው? ማር ነው? እንዲያው ባዶውን ነው? እኔ አላየሁም፤ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ልጁ ምን ትወድ እንደነበር ልጁን ራሷን የሚጠይቅ አባት ሆኛለሁ። በስልክ አትንገሪኝ። ጻፊልኝ፣ ራሴ አነበዋለ

ዛሬ ማንጎ ነው፣ ጃርቱ። ማታ ሐመልማል መጥታ ወረቀቱን ትወስዳለች።

ጤና ሠራተኛዋ ባለፈው ሳምንት መጥታ ነበር። ጥብጣቡ ከቢጫው ጫፍ ደርሷል፤ አረንጓዴው ውስጥ ገና አልገባም። ገብቷል ብዬ ልጽፍልሽ እጄ ተነሥቶ ነበር፤ መለስኩት። ቆጮውንም በማንጎ ጎን ሳስቀምጥላት ትንሽ ትንሽ መነካካት ጀምራለች። ቀሚሱ የሞላላት ዕለት ሶዶ ወስጄ ፎቶ አስነሣታለሁ። እስከዚያ ፎቶ የለም፤ ቃጠሎም የለም።

ልጨርስ ስል አሁን “አባባ፣ አትዙር፤ ገና ነው” አለችኝ። ገና ከሆነ ልጨምር።

የቦልቴ ዘይቱን ጥሩ ናት፣ ግን የእኛን አታክልም። ዶማውን ሌላ እጀታ አስገባሁለት። የዘይቱኑን ግን አልማገድኩትም፤ ጓዳ በር ጀርባ አቁሜዋለሁ፤ ስትመጪ የምትዪውን እስክትዪ ይቆያል።

ልልሽ የሚገባኝ ቃል አለ። አባት ለልጁ ሲለው ሰምቼ አላውቅም፤ አባቴም ለእኔ አላለኝም፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅበትም። ብቻ ስትመጪ፣ ራት ቀርቦ፣ ከፈለግሽ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጥልሻለሁ። የፈለግሽውን ያህል ቆይተሽ ብይ።

ጌታ የእጅሽን ሥራ ይባርክ። በባዕድ ማዕድ ፊት አንገትሽን አያስደፋሽ። ለሰው ልጅ የቆረጥሽው ሁሉ ለልጅሽ ተቆጥሮ ይመለስልሽ። በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢልኝ።

አባትሽ
ባዳቾ

ፈርሜ ካበቃሁ በኋላ “አለቀ፣ ዙር” አለችኝ። ዞርኩ። አላለቀም፤ ከጃርቱ አንድ ቁራጭ አስቀርታልኛለች። “ብላ አባባ” አለችኝ። እጄን ወደ ሰሃኑ ስዘረጋ ብድግ አለችና ዞራ ፊቷን ከግድግዳው ጋር አጋጠመች። ሰው ሲበላ እንዲህ የሚደረግ መስሏት ነው። እንድትሰማኝ ድምፅ እያሰማሁ በላሁ።