ያልተሰመረበት ስምሽ

ከላንሄሊግ፣ ዌልስ

ለምወድሽ ልጄ ለኔሪስ፣ ጤናሽን ያብዛልኝ፤ የኒውዚላንድን ሰው ሁሉ ዘመድ ያድርግልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ድመትሽ ወፍራለች።

ሐሙስ የአካባቢያችንን ፖሊስ የሚቆጣጠር ሹም ምርጫ ነበር። እንደ ወትሮው በመንደሩ አዳራሽ ተቀምጬ፣ ሊመርጥ የመጣውን ሰው ስም ከመራጮች መዝገብ ላይ እየፈለግኩ በማስመሪያ ሳሰምርበት ዋልኩ። ብርዱ ለጉድ ነው፤ እስከ ምሳ ሰዓት ሰው የሚባል ዝር አላለም።

ከዚያ ጎረቤታችን ኢድዋል መጣ። ባለፈው ወር ትራክተሩን ሰርቀውበታል።

“ዴሊስ፣ ከነዚህ ተወዳዳሪዎች ውስጥ ትራክተሬን የሚያስመልስልኝ የትኛው ነው?”

“እሱን መናገር ክልክል ነው።”

“ታዲያ ምን ልትሠሪ ተጎለትሽ?” ብሎኝ ወደ ድምፅ መስጫው ገባ። ሲወጣ ደስ ብሎታል። “ወረቀቱ ላይ ‘ትራክተሬን መልሱ’ ብዬ ጽፌላቸዋለሁ” አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት እንደማይቆጠር ልነግረው አልጨከንኩም። ሌባው እስካሁን አልተያዘም፤ እኔ ግን በሩን በደንብ ነው የምቆልፈው፣ አታስቢ።

እስኪዘጋ ድረስ ያሰመርኩት አሥራ አንድ ስም ላይ ብቻ ነው። ያንቺም ስም መዝገቡ ላይ ከኔ ስም ሥር አለ። ከሄድሽ ሦስት ዓመት ሆኖሻል፣ አሰርዢው ይሉኛል፤ እጄ እምቢ አለኝ። ሰው ሲጠፋ እሱን ሳይ ነው የዋልኩት።

አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ለሚቀጥለው ምርጫ ከቻልሽ ነይ፣ የኔ ልጅ። ስምሽ ላይ እኔው ላስምርበት።

እናትሽ ዴሊስ