ያበጠው ማህተም

ግንቦት 12፣ ሰኞ

ዛሬም ያው። ማህተሙን ቀለም አጠጣሁት። ሦስት ጠብታ፣ ከዚያ አይበልጥም። የማህተሙን መሳቢያ ስቦ ማውጣት፣ ስፖንጁ ላይ ጠብ ጠብ ማድረግ፣ እስኪመጠው መጠበቅ፣ ጎማውን በርጥብ ጨርቅ ጠረግ፣ በፊደሎቹ መሃል የገባውን ክር በመርፌ ነቀል… አለቀ። ምን ይከብዳል? ከእኔ በፊት የነበረው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን እንደ ወጥ ነበር የሚያፈሰው። የፋብሪካው ደብዳቤ ሁሉ የሕፃን አፍ የመሰለው ያኔ ነው።

ክብረት፣ ታይፒስታችን፣ ስትስቅብኝ ዋለች። "ጡት የምታጠቢው ነው የሚመስለው" ትላለች። ትሳቅ። ይሄ ራሱ ቀለም የሚይዘው ማህተም እጄ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንድ ቀን ደብዝዞ አያውቅም። በዚህ የሚስማር ፋብሪካ ውስጥ በትክክል የሚሠራ ማሽን ቢቆጠር እሱ ብቻ ነው።

ጋሼ ለሜሳ በምሳ ሰዓት ብቅ አሉ። ሽቦ የሚስበው ማሽን ላይ ናቸው። በየቀኑ ከላፍቶ በእግራቸው ነው የሚመጡት። "የማህተም እናት፣ ደህና ነሽ?" አሉኝ። ደህና ነኝ።

ግንቦት 21፣ ረቡዕ

ሰበሰቡን። ፋብሪካው ሊሸጥ ነው። "ሠራተኛ ይቀነሳል፣ የመጀመሪያው ዙር ሰባት ሰው ነው" አለ አቶ ሚሳኤል። ተጠባባቂ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከመጣ አምስት ወሩ። ወረቀቱን ሲያነብ አንዴ እንኳ ቀና አላለም።

ከእኔ ጀምሮ ሁሉም በልቡ ሰባት ቆጠረ።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

ክብረት ዝርዝሩን አሳየችኝ። እኔ የለሁበትም። እሷም የለችም። ተቃቅፈን ልንስቅ ምንም አልቀረን… ከዚያ አራተኛውን ስም አየሁት። ለሜሳ።

ፋይላቸውን አወጣሁ። የተቀጠሩት ሐምሌ 8 ቀን 1978 ነው። አሥር ዓመት ሊሞላቸው ስንት ቀረ? ወር ከምናምን። አሥሩ ካልሞላ ጡረታ የለም፤ ትንሽ ዳረጎት ሰጥተው፣ ደህና ሁን። በስተርጅና! ዕድሜያቸው ለጡረታው ደርሷል እኮ፤ የጎደለችው ያቺ ወር ብቻ ናት። ወር!

ሚሳኤል ይሄን አያውቅም? ያውቃል። ፋይሉን ከእኔ በፊት አውጥቶታል፤ የወጣበት ቀን ተጽፏል።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ደብዳቤዎቹ ሰኔ 14 ይወጣሉ ተባለ። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ደግሞ ወረቀት ነው፤ ማንም ይዞት አይወጣም። የድሮው የእንጨት ማህተም ተመላሽ ሆኖ ተቃጥሏል። ያለው ይሄ የኔው ነው።

የቀለሙን ብልቃጥ ከመሳቢያዬ አንስቼ ቦርሳዬ ከተትኩት። ጎፋ ቤቴ ድረስ ይዤው ሄድኩ። በሕይወቴ የሰረቅሁት ይሄ ነው… ብልቃጥ ቀለም። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ወይም አይበለኝ፣ ምን አውቃለሁ።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ማህተሙ ገርጥቷል። "ቀለም አልቋል" አልኩ። "ታዲያ ጠይቂያ!" አለ ሚሳኤል። የግዥ መጠየቂያ ሞልቼ ነጋ ጋ ሄድኩ፣ ግምጃ ቤት።

"ማህተም የለውም" አለኝ።

"ነጋ፣ ማህተሙ ቀለም የለውም። ቀለሙን እኮ ነው የምጠይቅህ።"

"እሱ የኔ ጥፋት አይደለም። ማህተም አስመቺና ነይ።"

ሌላ ቀን ብሆን ፀጉሬን እነጭ ነበር። ዛሬ ነጋን ልስመው ነበር የቀረኝ።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ሰባቱ ደብዳቤዎች ተተይበው፣ ተፈርመው፣ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። አንዱን መታሁት። አይታይም። "ሰኞ ራሴ መርካቶ ሄጄ አመጣለሁ" ብሎ ሚሳኤል በሩን ወርውሮት ወጣ።

ከሰዓት ጋሼ ለሜሳ መጡ። ዝርዝሩ ውስጥ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸውም። የሚስታቸው ወንድም ጎፋ አዲስ በሚሠራ ሕንፃ ላይ ዘበኝነት አግኝቶላቸዋል። ሰኞ መግባት አለባቸው፤ ካልገቡ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"ልሂድ ወይስ ልቆይ? አንቺ ወረቀቱን ታውቂያለሽ።"

"ይቆዩ" አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት፣ ሳላስብ። "ሐምሌ 8ን ብቻ ይለፉልኝ። ደብዳቤው ከዚያ በፊት አይወጣም።"

"አንቺ ካልሽማ…" ብለው ሄዱ። ለምን አልጠየቁኝም? እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ ኖሮ ምን እመልስ ነበር?

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ሚሳኤል ቀለሙን አመጣው። ትልቅ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ቀይ። ከፍቼ ሳሸተው ዘይት ዘይት ይላል። ለብረት ማህተም የሚሆን ነው። የኔን ጎማ ይበላዋል፤ ይሄን ለማወቅ መማር አያስፈልግም።

"ምን ታሸቻለሽ? ሽቶ መሰለሽ? ሙይው!"

አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ራሱ ነው ያመጣው፣ እኔ ምን አገባኝ? ሦስት ጠብታ አይደለም፤ ስፖንጁ ተነፍቶ እስኪፈስ አጠጣሁት። የፈሰሰውን ግን ወዲያው በጨርቅ ጠረግሁለት፣ እንደ ልማዴ። ሁለት ዓመት ያቆየሁት ዕቃ ነው።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ጎማው እንደ ዳቦ አብጧል። ሲመታ ጥቁር ክብ ብቻ… አንድ ፊደል አይለይም። ሚሳኤል ጮኸ። "ያመጡትን ነው የሞላሁት" አልኩት። ፊቱ ቀላ።

አዲስ ማህተም ለማስቀረጽ ለዋናው መሥሪያ ቤት መጻፍ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ ቀራጭ አለ። "ሦስት ሳምንት፣ ቢፈጥን" ተባለ። ሽንት ቤት ገብቼ በነጠላዬ አፌን ይዤ ሳቅሁ።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

አሥር ዓመት!

ጋሼ ለሜሳ ዝናቡን ሰንጥቀው መጡ፤ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። የጠዋት ፊርማቸውን ፈርመው ቀጥታ ወደኔ። "እልል በይልኝ እንጂ!" አሉ። ቀስ ብዬ እልል አልኩ፣ ክብረትም ተቀበለችኝ። ካንቲን ወስደው ሻይ ጋበዙኝ። ስለ ልጃቸው ስለ ፌኔት አወሩኝ፤ ዘንድሮ አሥረኛን ጨርሳለች። "አሁን ባርፍም አልፈራም" አሉ።

እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ ለማንም አልናገርም እንጂ። ሻዩ ጣፈጠኝ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ

አዲሱ ማህተም መጣ። ያምራል። ከድሮው ይልቅ ይጠራል።

"እነዚያን ሰባት ደብዳቤዎች አምጪያቸው" አለ ሚሳኤል።

እንደገና የሚተየቡ መስሎኝ ነበር። ሞኝ! ያንኑ ወረቀት… ሰኔ 14 የሚለውን።

"ቀኑስ?" አልኩ።

"ቀኑ ምን ሆነ?"

"ዛሬ ሐምሌ 11 ነው እኮ። ሰዎቹ እየሠሩ ነው…"

"የተወሰነው ሰኔ 14 ነው። ከዚያ በኋላ ማን ሥሩ አላቸው?" በሩን ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የድሮው ማህተም እንዴት እንደተበላሸ አጣሪ ይመጣ ይሆን? ሁለት ዓመት ሙሉ የያዝሽው ሴት ዘይት ከቀለም መለየት ያቅትሻል? ቀለሙስ እንዴት በአንድ ሳምንት አለቀ?"

ያውቃል። ከመቼ ጀምሮ?

መታሁት። ሰባት ጊዜ። ወጪ መዝገቡም ላይ ሰኔ 14 ብዬ ጻፍኩ፤ በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ጋሼ ለሜሳ ደብዳቤያቸውን ይዘው መጡ። ማንበብ አይሆንላቸውም። "አንብቢልኝ" አሉ። አነበብኩ።

"ከመቼ ጀምሮ አልሽ?"

"ከሰኔ አሥራ አራት።"

"ሰኔማ… እዚህ ነበርኩ እኮ።"

"ነበሩ።"

"አንቺም አይተሽኛል። በየቀኑ።"

"አይቼዎታለሁ ጋሼ።"

ወር ሊሞላ የቀረው የለም፤ በነፃ ሠሩ ማለት ነው። አሥሩ ዓመትም አልሞላም። የጎፋው ዘበኝነት ደግሞ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ቆይቷል። እኔ ቆዩ ባልል ኖሮ ቢያንስ እሱ ነበራቸው። አፈር ልብላ! ማን አድርጊ ብሎኝ ነው እጄን ያስገባሁት?

ዋናው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ሐሙስ ይቀመጣል። የፊርማው መዝገብ ሚሳኤል ቢሮ ገብቶ አልወጣም። ስለዚህ ምስክር ነው የሚፈለገው፤ ያውም ሥራ ላይ ያለ ሰው። ከተቀነሱት አንዱ ለሌላው ቢመሰክር አይያዝም።

"ሌላው ሁሉ ፈርቷል" አሉኝ። "አንቺ ትመጪልኛለሽ?"

"እሺ" አልኩ። ምን ልበል?

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ስመሰክር የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሆናል? ደብዳቤው ለምን ዘገየ? ማህተሙ ተበላሽቶ። ማን አበላሸው? …

የመንግሥት ንብረት ነው። ከሥራ መባረር ብቻ ከሆነ ተመስገን ነው። ልጆቼ ሁለት ናቸው፤ አባታቸው የለም። እኔ እስር ቤት ከገባሁ ማን ይጠይቀኛል?

ክብረትን አማከርኳት። "አብደሻል እንዴ?" አለችኝ። "ጡረታው እንደሆነ ከጠፋ ጠፍቷል። አንቺ አብረሽ ብትጠፊ ለሳቸው ምን ይጨምርላቸዋል? አርፈሽ ተቀመጪ!" እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ከሰዓት ሚሳኤል ጠራኝ። ፋብሪካው እስኪተላለፍ ድረስ ከሚቆዩት ውስጥ ስሜ አለ። "ማህተሙን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል" አለኝ። ስለ ነገ ምንም አላለም።

ሐምሌ 18፣ ሐሙስ

አልሄድኩም። ክብረትን፣ "ታማለች በያቸው" አልኳት።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

አዲሱ ማህተም የመጀመሪያ ቀለሙን ጨርሷል። ዛሬ አጠጣሁት። ሁለተኛው ዙር ቅነሳ ሃያ ሦስት ሰው ነው፤ ደብዳቤው ነገ ይመታል።

አምስት ሰዓት ገደማ ዘበኛው መጥቶ፣ "ሰው ይፈልግሻል" አለኝ። ጋሼ ለሜሳ ናቸው። ግቢ አይገቡም አሁን፤ በር ላይ ዝናብ ላይ ቆመዋል። እስካገኛቸው ድረስ በሆዴ ስንት ነገር አዘጋጀሁ። ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል… ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

"ያለ ምስክር አይሆንም አሉኝ" አሉ። "እኔም አልኳቸው፣ ምስክር አለኝ፣ ሰው ነችና ታማብኝ ነው። ሌላ ቀን ስጡኝ ብል ፋይሉ ተዘግቷል አሉ።"

ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አደረግሁ።

"ግድ የለም፣ እሱን ተዪው። እሱን ብዬ አይደለም የመጣሁት።" ኮፍያቸውን አውልቀው ውሃውን አራገፉ። "ክብረት በጣም ነው ያመማት ስትለኝ ደነገጥኩ። ቤትሽን አላውቀው፣ እንዴት ልጠይቅሽ? ተሻለሽ ወይ?"

"ተሽሎኛል" አልኳቸው።

"ተመስገን" አሉ።