የሞክሼ ምስጋና

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ዛሬም ስልኩ ተሳሳተ። የስልክ ቁጥር መጠየቂያው ሞክሼዎቼን ለሚፈልግ ሁሉ የእኔን ቁጥር ነው የሚሰጠው። አንዲት እናት፣ "ዶክተር፣ ልጄ ቆመ እኮ! ተራመደ!" ብላ አልቅሳ አስለቀሰችኝ። "እኔ ሠዓሊ ነኝ እመቤቴ፤ ሐኪሟ ሞክሼዬ ናት፣ ምርቃቱን አደርሳለሁ" አልኳት። ብሩሼን እንኳ ሳላጥብ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ አደረስኩ። ሐኪሟ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ሦስት ነን... ሐኪሟ፣ ዘፋኟ፣ እኔ። ስማችን እስከነአባታችን አንድ። ሕጋችንም አንድ፤ የሌላዋን ምስጋና ማናችንም አናስቀርም፤ እናደርሳለን። በቀልድ የጀመርነው ነው፤ እኔ ግን እንደ መሐላ ይዤዋለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 9

ሁለቱ ቴሌቪዥን ላይ ቀረቡ። "ታዋቂዎቹ ሞክሼዎች" ተብለው። እኔ አልተጠራሁም... ይሁን። ከእናቴ ጋር ቁጭ ብለን እያየን ነው። አቅራቢው ዘፋኟን፣ "የሆስፒታሉን የሕፃናት ክፍል ግድግዳ የሣሉትም እርስዎ ነዎት አሉ?" አላት።

ክረምቱን ሙሉ መሰላል ላይ የቆምኩበት ግድግዳ! ያ ጆሮው የታጠፈ ዝሆን!

ፈገግ ብላ፣ "ጊዜ ሳገኝ እሞክራለሁ" አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ! ሐኪሟ አጠገቧ ናት። መሰላሉን ትይዝልኝ የነበረችው ሐኪሟ። ውሃዋን ጠጣች።

"አንቺ አይደለሽም እንዴ የሣልሽው?" አለች እናቴ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ለዘፋኟ ደወልኩ። "የኔ ቆንጆ፣ ቀጥታ ስርጭት ላይ እንዴት ላርመው? ደግሞ ስሙ ስማችን ነው፤ ምን ዋሸሁ?" አለች።

ከዚህም የባሰ አለ... የከተማውን ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ሣይልን ብለዋት እሺ ብላለች። ስንት ጊዜ ደጅ የጠናሁበት ሥራ! "አንቺ ትሥያለሽ፣ ምረቃው ላይ እኔ እቆማለሁ። ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ" ብዬ ዘጋሁባት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሐኪሟ መጣች። "ሰው ፊት ላሳፍራት አልፈለግኩም" አለች። እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም? ዘፋኟስ ታዋቂነት ወዳድ ናት፣ ይሁን። ይቺ ግን... እያወቀች! ቁጭ በይ እንኳ ሳልላት ሄደች።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ደውዬ "ሠዓሊዋ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "ስሙ ያላት ሁሉ እንደዚያ ልትል ነው?" ብለው ሳቁብኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 30

የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ እስካሁን ነጭ ነው አሉ።

ጠዋት ስልክ ጮኸ። አንድ ሰውዬ። "እመቤቴ፣ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ያቆመኝ የእርስዎ ዘፈን ነው።"

"አመሰግናለሁ" ብል ማን ያውቅብኛል? ስሙ ስማችን አይደል? ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ተሳስተዋል፤ ዘፋኟ ሌላ ናት" አልኩ።

"ያውቋታል? ያደርሱልኛል?"

"አውቃት ነበር... እግዜር ያጽናዎት።"

ሰውዬው ምን አጠፋ? አሳዘነኝ። ላደርስለት ብዬ ኮቴን አነሳሁ፣ መልሼ ሰቀልኩት። እስከ ዛሬ የሰው ምስጋና እኔ ጋ አድሮ አያውቅም ነበር።