«ምንም ማንቂያ የለም» ብሎ ድንኳን ላስተከለን ሰነድ

ለተከበሩ የበረራ ማንቂያ መፈለጊያ መሣሪያ የሰነድ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የተቀመጡበት ወንበርም በሙሉ ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ሆሳዕናዎች ደህና ነን፤ ሞተ የተባለው ሰውም ደህና ነው።

ስሜ ዋለ አክሊሉ ሲሆን የሁለተኛ ደረጃ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ኩባንያዎ የኤአይ ረዳቶች «በረራው ዘግይቷል፣ ተሰርዟል» የሚሉ ማንቂያዎችን እንዲፈልጉበት የሠራውን መሣሪያ፣ በአርባ ሁለት ገጽ ሰነድዎ እየተመራሁ ስልኬ ላይ ካለው ረዳት ጋር ያገናኘሁት እኔው ነኝ። ምክንያቴም የጎረቤቴ የወይዘሮ ገነቴ ልጅ ሆሴዕ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከደቡብ አፍሪካ በናይሮቢ በኩል ሊመጣ መሆኑ ነበር። እኛ ዘንድ ከውጭ የሚመጣን ሰው ታክሲ ይዘህ ና ማለት ነውር ስለሆነ፣ አሥራ አራት ሰዎች ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ወደ ቦሌ ለመውረድ ተዘጋጅተን ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1. ሰነድዎ «ቀን» ከሚለው ቃል ትይዩ «የበረራው ቀን» የሚል ማብራሪያ ስላስቀመጠልን ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ያለ እርስዎ እርዳታ የልደቴን ቀን ላስገባ እችል ነበር። በየትኛው የዘመን አቆጣጠር የሚለውን ለመጨመር አርባ ሁለት ገጽ ስላልበቃ፣ እኔ እንደ ማንኛውም የከተማችን ሰው ኅዳር 12 ቀን 2018ን «12/03/2018» ብዬ ጻፍኩ። መሣሪያዎም ቀኑን እንደ አውሮፓውያን ቆጥሮ፣ ካለፈ ሰባት ዓመት የተሻገረውን መጋቢት በትጋት በርብሮ፣ ምንም ማንቂያ የለም ሲል መለሰ። አልዋሸም።

2. ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ «ባዶ መልስ ማለት ማንቂያ የለም ማለት ነው» ይላል። ማንቂያ አለመገኘቱ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ይመጣል ማለት እንዳልሆነ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁ። ምስኪኑ ረዳቴም እንደ እኔው ሰነድዎን አምኖ «በረራው ላይ ችግር የለም፣ በሰላም ሂዱ» አለን። በረራው ወደ ማግስቱ መዛወሩን የሚገልጸው ማንቂያ ከዋዜማው ጀምሮ እዚያው እርስዎ ዘንድ ተቀምጦ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

3. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ አበባ ይዘን ቆምን። ጥበቃውን ብንጠይቀው ከናይሮቢ የመጡት ሁሉ ወጥተዋል አለን፤ ለካ የጠዋቱን በረራ ማለቱ ነበር። ጆሃንስበርግ ያለው ዘመዱ ዘንድ ስንደውል ከተነሣ ሁለተኛ ቀኑ ነው አለን፣ የሆሴዕ ስልክ ደግሞ አይሠራም። ረዳቴን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ሦስት ጊዜም ችግር የለም አለኝ። ልጁ ተሳፍሯል፣ አውሮፕላኑ ችግር የለበትም፣ ልጁ ግን የለም። ወይዘሮ ገነቴ የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ ልናገር፤ የእኚያን ሴት ፊት ያየሁ ጊዜ ስልኩን የያዘው እጄ አሳፈረኝ።

4. እኛ ወደ ቤት የደወልነው «ጸልዩልን» ብለን ብቻ ነበር። ወሬው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ መናኸሪያ ካሉት ካፌዎች ሁለቱን እስኪያልፍ ግን ሆሴዕ ታስሮ፣ ታሞ፣ በመጨረሻም ሞቶ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ገብረክርስቶስ በሥራቸው የማይታሙ ሰው ስለሆኑ ከመምሸቱ በፊት ድንኳኑን አስተከሉ፤ የዱራሜ ዘመዶችም በመጀመሪያው መኪና ደረሱ። እኛ እዚያው አድረን ስንጠብቅ፣ በማግስቱ ሆሴዕ ሁለት ሻንጣውን እየገፋ ከቦሌ ወጣ፤ ናይሮቢ ሲያድር የስልኩ ባትሪ አልቆበት ኖሯል። ወደ ቤት መደወሉን በደስታ ረስተን ይዘነው ሆሳዕና ስንገባ ደጃቸው ላይ ድንኳን አየና ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ። ድንኳኑ ከተተከለ አይቀር ብለን የምስጋና ጸሎት አደረግንበት፤ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ልጃቸውን ሱቅ እንኳ ብቻውን አይልኩትም።

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ቀን ጽፎ አቆጣጠሩን አለመጠየቅ ከአይሲቲ መምህር አይጠበቅም። ቢሆንም ሰነዱን የሚያነቡት ረዳቶች ያልተጻፈላቸውን በራሳቸው ስለሚሞሉ፣ ሁለት መስመር እንዲጨመርልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ አንዱ ስለ አቆጣጠሩ፣ ሌላው ስለ ባዶው መልስ። ቦታ ከጠበበ ገጽ አራት ላይ ያለው የዋና ሥራ አስኪያጁ ፎቶግራፍ ትንሽ ቢጠጋጋ ቅር አንሰኝም።

ለአርባ ሁለቱ ገጾች ያለኝን አድናቆት፣ ለአርባ ሦስተኛው ያለኝን ናፍቆት እየገለጽኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ዋለ አክሊሉ
ከሆሳዕና

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሆነውን ሁሉ ለወይዘሮ ገነቴ አስረድቻቸው ነበር። ሰምተውኝ ሲያበቁ «የለም ሲልህ፣ የት አይቶ ነው ብለህ አትጠይቀውም?» አሉኝ። ወይዘሮ ገነቴ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም፤ ክፍልዎ ሰው መቅጠር ካሰበ አድራሻቸው እኔ ዘንድ አለ።