ስድስት ሜትር ብረት በአራት ሜትር ሼድ

ለክቡር የአምራቾችና የአገልግሎት ሰጪዎች ቦታ ድልድል ዴስክ ኃላፊ
ወልቂጤ

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንደ ስብሰባዎ የማይቋረጥ፣ ዕድሜዎም እንደሚሰጡን ቀጠሮ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎ፣ መኪናዎና ማኅተምዎ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

የዛሬ ሦስት ወር ገደማ ከጉንችሬ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ አንድ የዴስክዎ ባለሙያ በስልክ ሲያወራ ሰማሁ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚጮኸው ይወጣል፣ ወረቀት የያዘው ይገባል፤ ከተማ ማለት ይኸው ነው» አለ። የሰማሁትን ማመን ልማዴ ስለሆነ፣ የሚጮኸው ሲባል በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያለ ሲያጭቀን የነበረው ረዳት መስሎኝ አዘንኩለት። የሚወጣው ማን እንደሆነ የተረዳሁት በማግስቱ በሃፊዛ ሰማን ደጃፍ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ሳነብ ነው።

ሃፊዛ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ለአሥራ ስድስት ዓመት የእንሰት መፋቂያ ስትሠራ የኖረች የብረታ ብረት ባለሙያ ናት። በማስታወቂያዎ መሠረት ሞተር ያለው ሁሉ አምራች ነው፤ አምራች ሁሉ ደግሞ ከከተማው ስድስት ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው የአምራቾች መንደር፣ በእናንተ አጠራር ክላስተር፣ ይሄዳል። እዚያ በሦስት ወር ውስጥ ማምረት ካልጀመረች ሼዱም ፈቃዱም ይነጠቃል። የመንገዱ ዳር ከእንግዲህ ለአገልግሎት ሰጪ ብቻ ነው። ከሦስቱ ወር የቀሩት አሥራ አንድ ቀናት ስለሆኑ፣ ውድ ጊዜዎን ሳልሻማ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ክቡርነትዎ ዘንድ ቆጮ የሚደርሰው ተጋግሮና ተቆርጦ ስለሆነ ይህን ባያውቁት አልፈርድም። እንሰት የምትፍቅ ሴት መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አንሥታ፣ ልጣጩን በተረከዟ ከፊቷ በተደገፈው ሳንቃ ላይ አጣብቃ ነው የምትፍቀው። ስለዚህ ሃፊዛ መፋቂያ የምትሠራው የእያንዳንዷን ደንበኛ እግር ለክታ ነው፤ ሳይለካ የተሠራ መፋቂያ ወገብ ይጨርሳል። ሴቶቹ በገበያ ቀን ከሚኒባስ ወርደው የደነዘዘውን ስለት እሷ ዘንድ ይጥሉና ወደ ገበያ ይዘልቃሉ፤ ቅቤያቸውን ሸጠው ሲመለሱ ተስሎና ተበይዶ ይጠብቃቸዋል። እግር ከኢንተርኔት ላይ አውርዶ መለካት እንደማይቻል የእርስዎ ጥናት ሳይጠቅሰው አልፏል። ባለፈው ገበያ ደብሪቱ የተባሉ የቸሃ ሴት የተዘጋውን በር አይተው፣ «እንግዲህ ቅቤዬን አዝዬ ስድስት ኪሎ ሜትር ልሂድ፣ ወይስ ስለቱ በእግሩ ይምጣ?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው የቴክኒክ ስለሆነ በአክብሮት ወደ ዴስክዎ መርቼዋለሁ።

፪. የመፋቂያው ማቆሚያ የሚሠራበት ቱቦላሬ ብረት ከፋብሪካ ሲወጣ ስድስት ሜትር ነው። የሠሩላት ሼድ አራት ሜትር ነው። የቀረው ሁለት ሜትር ደጅ ያድራል፤ ዝገቱንም ዝናቡ ያለ ክፍያ ያቀርብለታል። ሃፊዛ ይህንን ብታመለክት «እና ቁረጪዋ!» የሚል መልስ ተሰጣት። ለፈጣን ምላሽዎ እናመሰግናለን። ብረት መቁረጫዋ ግን የሚሠራው በመብራት ነው፤ ክላስተሩ ደግሞ ምሰሶ እንጂ ሽቦ የለውም። እስከ ዛሬ በዚያ ስፍራ የተቆረጠው የምረቃው ሪባን ብቻ ነው።

፫. ከሃፊዛ የቀድሞ ቤት በስተግራ አዲስ የተሠራው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ለአማካሪዎች፣ ለኦዲተሮችና ለፕሮፖዛል ጸሐፊዎች መሰጠቱ ከተማችንን አስከብሯል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቃለአብ የሚባል ኦዲተር አለ፤ ጨዋና ትጉ ልጅ ነው። ደንበኞቹ በሙሉ አዲስ አበባ ናቸው፤ ሰነዱ በቴሌግራም ይመጣል፣ በቴሌግራም ይሄዳል። ቢሮውን የሚከፍተው በወር ሁለቴ፣ አቧራ ለማስጠረግ ነው። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አታት ከእናቴ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬም እጨርሰዋለሁ። ኔትወርክ ብቻ ይኑር» ብሎኛል። እንግዲህ የትም ሆኖ መሥራት የሚችለውን መሐል ከተማ አስቀመጡት፤ መሐል ከተማ ካልሆነች መሥራት የማትችለውን የትም ጣሏት። ይህን ያህል በትክክል ለመገልበጥ እንኳ ዕውቀት ይጠይቃል።

፬. በ፪ ያልኩት እንዳይረሳ፦ ሼዱ ለብረቱ ያጥረዋል።

ስለ ከተማና ስለ ፋብሪካ የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ስሕተት አይገርመኝም፤ በጎ አሳቢዎችም ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ያስጠላኝ ፎቶው ነው። ባለፈው ሳምንት ዴስክዎ ባሠራጨው ፎቶ ላይ ሃፊዛ የተዋሰችውን ቆብ ደፍታ፣ የትም ያልተሰካ የብየዳ ማሽን ይዛ ቆማለች፤ ከሥሩ «ወደ ምርት የገቡ ሴቶች» ተብሎ ተጽፏል። ባለሙያዎ «ፈገግ በይ እንጂ እህቴ!» ሲላት ቆሜ ነበር። አዎ፣ ፈገግ ብላለች። የቀኑ ማራዘሚያ በእጅዎ ያለባት ሴት ሌላ ምን ታድርግ?

ስለሆነም ክቡርነትዎ ስብሰባ በሌለዎት ዕለት፣ እንዲህ ያለ ዕለት ካለ፣ ሽቦው እስኪዘረጋ ድረስ ሃፊዛ በቀድሞ ቦታዋ እንድትሠራ፣ የሦስት ወሩ ገደብም እንዲራዘምላት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በደጅዎ ቆሞ የደጅዎን ማጠፊያ መላላት ለማጥናት በቂ ጊዜ ስለሰጡት ውለታዎን የማይረሳ፣ ለወንበርዎ ጽናት ሌት ተቀን የሚጨነቅ ታዛዥዎ፣

ሙስተፋ ዑመይር
ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር

ያልተነገረ እንዳይቀር፦ ደብዳቤው በረቂቅ ላይ እያለ ነገር ስለተለወጠ፣ ከላይ የለመንኩትን ማራዘሚያ ለመፈረም እንዳይደክሙ። ሃፊዛ ባለፈው ሐሙስ የብየዳ ማሽኗን ሸጣለች። አሁን በዚያው በቀድሞ ቤቷ ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ ባልዲ ትነግዳለች። የአገልግሎት ሰጪነት ፈቃዱ በግማሽ ቀን ተሰጣት።